«ልጄን ከዓይኔ ማራቅ አቃተኝ»

እትዬ፣ ቆሰበር የምኖር የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ባለፈው ወር ለሥልጠና አዲስ አበባ ስሄድ የአምስት ዓመት ልጄን አማቴ ዘንድ ትቼ ወጣሁ። ለመንገድ ብዬ ስልኬ ላይ የጫንኩትን የሳማንታ ሽዌብሊንን «ፊቨር ድሪም» ልብ ወለድ ቡሬ ላይ ጀምሬ አባይ በረሃ ስንወርድ ጨረስኩት። ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ አልበላ አለኝ። በረሃው ውስጥ ቤት ልደውል ብል ኔትወርክ የለም፤ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት «ልጄ፣ መርዶ ነው?» አሉኝ።

ከተመለስኩ ወዲህ ልጄን መዋለ ሕፃናት አልላክኋትም። ግቢ ስትጫወት እንኳ በር ላይ ቆሜ ነው። አማቴ «ባልሽን ያሳደግሁ ሴት ልጅ መያዝ አቃተኝ?» ብለው አኩርፈዋል። ባለቤቴ ይስቃል። መጽሐፉን ከስልኬ ባጠፋው ፍርሃቱ ይተወኝ ይሆን?

ጭንቀታሟ እናት፣ ከቆሰበር

እህቴ፣ ባልሽ ይሳቅ፤ እኔ አልስቅብሽም። ልጇን ትታ ለወጣች እናት ያንን መጽሐፍ ለመንገድ የሚመርጥ ሰው ጠላት መሆን አለበት፤ አንቺ ደግሞ ራስሽ መርጠሽው ቁጭ አልሽ። አጭር ነው፣ ግን ምዕራፍ እንኳ የለውም። በሞት አፋፍ ላይ ያለችው አማንዳና ዳቪድ የሚባል ልጅ ከዳር እስከ ዳር ሲነጋገሩ ነው፤ እዚህ ጋ ላቁም የሚባልበት ቦታ አይገኝም። አማንዳ አደጋ ቢመጣ ልጇ ኒና ዘንድ በስንት ቅጽበት እንደምትደርስ ስታሰላ ነው የምትውለው። አንቺ ይህን እያነበብሽ ከልጅሽ በየደቂቃው ትርቂ ነበር፤ ሹፌሩን አቁምልኝ ብትዪውም የትም አትደርሺም። አጀማመሩስ? በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሰኛው በሚሰለፍበት ከተማ ለምትኖር ሴት፣ የጅረት ውሃ ጠጥቶ የሚሞት ድንጉላ ፈረስ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ መደንገጥሽ አልገረመኝም። የገረመኝ በር ላይ መቆምሽ ነው። ኒና የተመረዘችበትን ቦታ እስቲ አስታውሺው። ሰዎች በርሜል ሲያወርዱ ልጅቷ ሣር ላይ ተቀምጣለች፤ ልብሷ ይርሳል፤ እናቷ ጤዛ ነው ብላ ታልፈዋለች። አማንዳ እኮ ልጇ አጠገብ ነበረች! ርቀት አይደለም የጎዳቸው፤ ያረጠባቸው ነገር ምን እንደሆነ አለማወቋ ነው። በአረንጓዴው ቤት የምትኖረው አዋቂ የታመመ ልጅን ነፍስ ወደ ሌላ አካል ማዛወሯ ፀጉር ያቆማል፤ በሽታው ግን የሚመጣው ከአኩሪ አተር ማሳ ርጭት ነው። ደራሲዋ አርጀንቲናዊት ናት፤ መጽሐፉን በ2014 እ.ኤ.አ. በስፓንኛ ያሳተመችው ያገሯን ገጠር እያሰበች ነው።

እናንተ አካባቢም ድንችና ገብስ ላይ የሰብል መድኃኒት ይረጫል። የአማትሽ ቤት ማሳ ካለው ማንኮዜብ ወይም ቱፎርዲ አይጠፋም። የተረፈው ሃይላንድ ውስጥ ተገልብጦ ጓዳ ይቀመጣል፤ ባዶው ጀሪካን ታጥቦ ውሃ ይቀዳበታል። የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ሃይላንድ ስታይ ውሃ ነው የሚመስላት። ፍርሃትሽ ሥራ ይሥራ ካልሽ ከበሩ ላይ ተነሺና ጓዳ ግቢ። መድኃኒቱ ከነመጀመሪያ ዕቃው፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ባዶው ዕቃ ተበስቶ ከጥቅም ውጭ ይሁን። ማሳ በሚረጭበት ቀን ልጅቷ ከዚያ አካባቢ ትራቅ፤ የረጨውም ሰው ታጥቦ ልብሱን ሳይለውጥ አይቀፋት።

ይህን ግን ብቻሽን አታድርጊው። ቡና አፍይና አማትሽን ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ ከዚያ የመጽሐፉን ታሪክ ከፈረሱ ጀምረሽ ንገሪያቸው። የጭራቅ ተረት ሲያወሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከአንድ ደራሲ መጽሐፍ አይሸበሩም። እኛ ቤት አስፈሪ ተረት የሚነገረው እሳት ዳር፣ ለብዙ ሰው ነው፤ አንዱ ሲፈራ ሌላው ያሾፍበታል። አንቺ ግን ብቻሽን፣ ያውም አፍሽን ዘግተሽ ጨረስሽው። ጓዳ ውስጥ ምን የት እንደተቀመጠም ከአንቺ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

መጽሐፉን ከስልክሽ ብታጠፊውም ባታጠፊውም ለውጥ የለውም፤ ታሪኩን እንደሆነ ይዘሽዋል። ይህን ሁሉ አድርገሽ እንቅልፍ አልወስድ ካለሽ፣ ወይም ልጅቷ ከዓይንሽ ስትሰወር ልብሽ በኃይል መምታቱን ካልተወ፣ ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሪ። ለዚያ አፍረሽ ወራት አትቆዪ።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷን መዋለ ሕፃናት የሚወስዷት አማትሽ ይሁኑ። አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ፤ እስኪመለሱም አትደውዪላቸው።