ክስን በኮምፒውተር ማቅረብ፤ ጥቅሙና ጥንቃቄው

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይሉ ነበር። ነገር ግን መዝገብ ሲከማች ፍርዱም ራሱ ይቆማል። የተጠለልንባት ኬንያ ይህን ችግር ለማቃለል ያደረገችውን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በናይሮቢ ፍርድ ቤቶች ክስ በኢንተርኔት መቅረብ ጀመረ፤ በመጋቢት 2024 አሠራሩ በመላ አገሪቱ ተዘረጋ። በ2021 ደግሞ እስከ 1 ሚሊዮን ሽልንግ የሚደርሱ አነስተኛ ክርክሮችን የሚዳኝ ፍርድ ቤት ናይሮቢ ላይ ተከፈተ፤ ሕጉ ውሳኔ በ60 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል።

አሠራሩስ እንዴት ነው? ከሳሽ አቤቱታውንና ማስረጃውን በኮምፒውተር ይልካል፤ የዳኝነቱን ክፍያ በስልክ ይከፍላል፤ ዳኛውም ግራ ቀኙን በቪዲዮ ሊሰማ ይችላል። ከካምፕ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ለሚያስፈልገን ለእኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሆኖም ኮምፒውተር ማስረጃ አይፈጥርም። አንድ ጎረቤቴ 20,000 ሽልንግ ያለ ወረቀትና ያለ ምስክር አበድሮ ተካደ፤ ሽማግሌዎችም ሊረዱት አልቻሉም። ስለዚህ፦

1. ስታበድሩም ስትበደሩም በምስክር ፊት ተፈራረሙ።
2. ገንዘብ የላካችሁበትን የስልክ መልእክት አታጥፉ።
3. የምስጢር ቁጥራችሁን ክሱን ለሚጽፍላችሁ ሰው አትስጡ።

የመወያያ ጥያቄ፦ ዛሬ ያበደራችሁት ገንዘብ ቢካድ ለዳኛ የምታሳዩት ምን አላችሁ?