ወፍጮሽ ስንት ነው?

ቀና በይ፣ አትነቃነቂ። ሹሩባው ከኋላ ሲታይ ከተጣመመ የምሰደበው እኔ ነኝ። አርብ በመጣ ቁጥር እዚህ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ስሠራሽ ከትከሻሽ በላይ ሆኜ የማላየው ነገር የለም። ቅድም ሚዶ ፍለጋ ቦርሳሽን ስታገላብጪም ሁለት ሸሪጥ ክኒን አየሁ። አንደኛው ሐኪሙ ለድብርትሽ ያዘዘልሽ ነው፣ እዚህ ግብፅ ትሪፕቲዞል፣ አገር ቤት አሚትሪፕቲሊን የሚባለው። ሁለተኛው ቀዩ ትራማዶል ነው። እሱን ያዘዘልሽ ሐኪም የለም፣ የሰጠችሽ ጎረቤትሽ ናት።

አትደብቂው። ፖሊስ አይደለሁም፣ እናትሽ ጋም አልደውልም። ግን ባለፈው ሳምንት ያልሽኝን አልረሳሁም። «እትዬ፣ የሐኪሙ መድኃኒት ውሃ ነው፣ ምንም አልነካኝም። ይቺ ግን ግማሿ ብቻ ወገቤንም ጭንቀቴንም ጠርጋ ትወስድልኛለች» አልሽ። አሁን ደግሞ የሐኪሙን ጥለሽ ቀዩን ልታበዢ አስበሻል። ዝም ካልሽ ልክ ነኝ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ሁለቱም ነገር ከአንድ ጉበት ሊመጣ ይችላል እልሻለሁ። አንዱ ውሃ የሆነበት ምክንያትና ሌላው እሳት የሆነበት ምክንያት አንድ ሊሆን ይችላል።

ከዓመታት በፊት መሀል ከተማ መንጋጋ ተነቅዬ ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ሰጡኝ። አንድ ክኒን ዋጥኩና ሳዳት ጣቢያ ሜትሮው ውስጥ፣ የሴቶቹ ፉርጎ ገባሁ። ሐዳየቅ ኤል መዓዲ ነበር የምወርደው። ከዚያ የማስታውሰው የጀርጂር ቅጠል እስር የሞላ ቅርጫት የያዘች ሴትዮ ጉልበቴን እየመታች «ያ ቢንቲ! ያ ቢንቲ!»፣ ልጄ ልጄ ስትለኝ ነው። ሄልዋን ደርሻለሁ፣ የመስመሩ መጨረሻ። ፉርጎው ባዶ ነው። ዓይኔ አልገለጥ አለ፣ ትንፋሼ ራሱ ሰንፎ ነበር። በዚያው ሰሞን ጥርስ የተነቀለች ሱዳናዊት ጎረቤቴ ያንኑ ክኒን ውጣ ማታ ለስድስት ሰው እራት ሠርታለች። «ትንሽ ቀለል አለኝ» ነው ያለችው። እኔ ግን ለዓመታት «ሰውነቴ ልፍስፍስ ነው» እያልኩ ኖርኩ።

ልፍስፍስ አልነበረም። ጉበታችን ውስጥ መድኃኒት የሚፈጩ ወፍጮዎች አሉ፣ ኢንዛይም ይሏቸዋል። ከእነሱ አንዱ ሲዋይፒ 2ዲ6 ይባላል። ስሙን ለመያዝ አትድከሚ፣ ለሐኪሙ ጽፌ እሰጥሻለሁ። ብዙ ሰው የዚህን ወፍጮ ጂን ከእናቱ አንድ ከአባቱ አንድ ይወርሳል። አንዳንዱ የደረሰው ሁለቱም የተሰበረ ስለሆነ ወፍጮው ጨርሶ አይዞርለትም። አንዳንዱ ደግሞ ጂኑ ተደራርቦ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሆኖ ይደርሰዋል። የእኛዋ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም ባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት 122 ኢትዮጵያውያን ተመርምረው 29 በመቶው እንዲህ የተደራረበ ጂን ተገኘባቸው። ስዊድኖቹ ዘንድ ይሄ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ከእኛ በቀይ ባሕር ማዶ ሳዑዲዎቹ ዘንድ ደግሞ ወደ 21 በመቶ ይጠጋል። በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ያለው መጠን ሲወሰን የተለካው በአብዛኛው በእኛ ዓይነት ሰው አይደለም፤ ይሄ አሁንም ያናድደኛል።

ወደ ሸሪጦችሽ ልመለስ። ትሪፕቲዞል ተፈጭቶ የመጣ ዱቄት ነው። ወፍጮ ሳይጠብቅ ራሱ ይሠራል፣ የወፍጮው ድርሻ እሱን አድቅቆ ማስወጣት ነው። ወፍጮ የበዛበት ሰው ዘንድ ዱቄቱ ሳይጋገር ይበናል። ኮዴይንና ትራማዶል ግን ጥሬ እህል ናቸው። ኮዴይን ሲፈጭ ሞርፊን ይሆናል። ትራማዶልም ሲፈጭ ከራሱ የበረታ ነገር ይወጣዋል፣ ሕመሙን በዋናነት የሚይዘው፣ ሱሱንም የሚያመጣው እሱ ነው። ወፍጮው ሦስት አራት የሆነበት ሰው ላይ እህሉ ባንዴ ዱቄት ሆኖ ይፈስሳል። የሐኪሙ ሲጠፋብሽ የጎረቤቷ ደግሞ ሰማይ የሚያወጣሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን «ሐኪሙ አያውቅም፣ ጎረቤቴ ታውቃለች» ብለሽ ተረጎምሽው።

እ.ኤ.አ. በ1985 ስዊድን ውስጥ የተዘገበ ታሪክ አለ። ድብርት የያዛት ሴት የትሪፕቲዞል ዘመድ የሆነ መድኃኒት ታዞላት ሌላውን ሰው የሚያድነው መጠን ምንም አልነካት። ሐኪሞቿ በደሟ ውስጥ ያለውን እየለኩ ከተለመደው በብዙ የበለጠ ሰጧት፣ ተሻላት። ምክንያቱ በጂን ደረጃ የተገለጠው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። እየለኩ ያልኩትን ልብ በይ። ትሪፕቲዞል ሲበዛ ልብን የሚያዛባ፣ የሚገድልም መድኃኒት ነው። «እትዬ ወፍጮሽ ብዙ ነው ብላኛለች» ብለሽ ዛሬ ማታ ሁለት ሦስቱን ብትውጪ ነገ የምጣላው ከአንቺ ጋር ነው።

ደግሞስ ስንት ቀን ነው የወሰድሽው? ዘጠኝ! ከዘጠኙስ አሠሪሽ ማዳም ጋር እንግዳ ያደረበትን ቀን ዘለልሽ፣ ጠዋት አልነቃም ብለሽ ሌላ ሁለት ቀን ዘለልሽ። ይሄ መድኃኒት ለድብርት ሲሰጥ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንት በየማታው ሳይቋረጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ጂን ከማለትሽ በፊት መቁጠር አለ። ከመቶ 29 ማለት ከመቶ 71 አይደሉም ማለት ነው፣ አንቺ ከየትኛው እንደሆንሽ ፊትሽን አይቶ የሚያውቅ የለም። ሐኪሙ ጋ ገብተሽ «ሐበሻ ነኝና እጥፍ አድርግልኝ» እንዳትዪ።

ወፍጮው መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ መዞሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እነእሌኒ እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ዓይነት ጂን ያላቸውን ኢትዮጵያውያን አገር ቤት ያሉትን ስዊድን ከሚኖሩት ጋር ሲያወዳድሩ፣ አገር ቤት ያሉት ላይ ወፍጮው ቀስ ብሎ ሲዞር አገኙት። ጂኑ አልተለወጠም፣ የተለወጠው አኗኗሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ፈቃደኛ ኢትዮጵያውያን ወንዶች ጫት ቅመው ሲለኩ ጫቱ ይህንኑ ወፍጮ ሲይዘው ታየ። ወንድምሽ አገር ቤት የአእምሮ መድኃኒት ይወስዳል ብለሽኝ የለ? ከሐኪሙ የሚደብቀው ጫቱን ከሆነ ሐኪሙ በጨለማ ነው መጠን የሚወስነው። ንገሪው።

በጣም የምፈራው ግን ይሄን ነው። ነገ ሐኪሙ ትሪፕቲዞሉን አንስቶ ፍሉኦክሴቲን ቢያዝልሽ፣ እሱ ወፍጮውን የሚያቆም መድኃኒት ነው። ያኔ ቀዩ ክኒን እንደ ድሮው አይይዝሽም። «ቀነሰብኝ» ብለሽ ሁለት ታደርጊያለሽ፣ ሦስት ታደርጊያለሽ። ያልተፈጨው ትራማዶል ደምሽ ውስጥ ይከማቻል፣ ከፍሉኦክሴቲኑ ጋር ሆኖ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ የሚጥል በሽታ የሌለበትን ሰው ይጥላል። ከትሪፕቲዞልም ጋር ቢሆን መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል፣ አሁን የምታደርጊው ራሱ አደጋ ነው። ሐኪሙ ግን ቀዩን አልነገርሽውምና ከየት ያውቃል?

ነቅነቅ አልሽ። ያቺን ጎንጉን እንደገና ልጀምራት ነው።

ቀዩ እዚህ ፋራውላ ነው የሚባለው፣ እንጆሪ። ስሙ ሲጣፍጥ! በአንዱ ክኒን ላይ 225 ሚሊግራም ይጻፋል። ሐኪም ለሕመም ሲያዝ በአንድ ጊዜ 50 ወይም 100 ነው፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ከ400 አያልፍም። «ግማሿ ብቻ» የምትያት ራሷ ከ112 በላይ ናት። ያውም ውስጧ የተጻፈው ካለ ነው፣ ከፋርማሲ ያልወጣ ነገር ምን እንዳለበት የሠራው ብቻ ያውቃል። ሕጉንም አትርሺ። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት እንግሊዛዊት ቱሪስት 290 የትራማዶል ክኒን ይዛ ሁርጋዳ አየር ማረፊያ ተያዘችና ሦስት ዓመት ተፈረደባት። ለእሷ ኤምባሲዋ ሲመላለስ ነበር። ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ ያለቀው አንቺን ማን ይመላለስልሻል?

ጡት የምታጠባዋ ጓደኛሽም ከዚህ ሸሪጥ ትካፈላለች ሲባል ሰምቻለሁ። ዛሬውኑ ደውዪላት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንና ትራማዶል ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይሰጥ ያስጠነቀቀው በዚሁ ወፍጮ ምክንያት ነው። እናትየው ፈጭታ የምታወጣው በወተቷ ወደ ሕፃኑ ይሄዳል፣ የሕፃን ትንፋሽ ደግሞ ቀላል ነው። ልጁ እንቅልፍ ካበዛ፣ መጥባት ካስቸገረው፣ ትንፋሹ ከከበደው ሆስፒታል ነው፣ ጠዋትን አይጠብቅም።

«ታዲያ ጂኔን ላስመርምር?» ትዪኝ ይሆናል። ገንዘብ ተርፎሽ ከሆነ አልከለክልሽም፣ ግን ወር ሙሉ ማዳም ቤት ያጎነበስሽበትን ደሞዝ መጀመሪያ እዚያ አታፍሺው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ድብርት ያለባቸው 1,944 የቀድሞ ወታደሮች በተካፈሉበት ጥናት፣ መድኃኒታቸው በጂን ምርመራ የተመረጠላቸው ትንሽ ተሻሉ፣ በስድስት ወሩ ግን ልዩነቱ አልቀጠለም። ምርመራው ከንቱ ነው አላልኩም። ለትሪፕቲዞል ዓይነቱ፣ ለኮዴይንና ለትራማዶል የሚነግርሽ ነገር አለው። «ለድብርትሽ ትክክለኛውን መድኃኒት ጂንሽ ይመርጥልሻል» የሚልሽን ግን አትመኚው፣ ሽያጭ ላይ ነው። ለአንቺ የሚቀድመው ሐኪሙ የደምሽን የመድኃኒት መጠን እንዲያስለካ መጠየቅ ነው። እሱም ባይሆን በዚህ ወፍጮ ብዙም የማያልፍ መድኃኒት እንዲመርጥልሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

ቀዩን ደግሞ ነገ ጠዋት ቱግ ብለሽ ሽንት ቤት እንዳትደፊው። ስንት ወር ነው? አራት? በየቀኑ? እንግዲያው ሰውነትሽ ለምዶታል። ባንዴ ቢቆም ላብ፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከበፊቱ የባሰ ጭንቀት ይመጣና «በሽታዬ ተነሳ» ብለሽ ወደ እሱ ትመለሻለሽ። የሚቀነሰው በሐኪም እጅ ነው። የግብፅ የሱስ ሕክምና ፈንድ ስልክ 16023 ነው፣ በነፃ ነው፣ ስም አያወጡም። አረብኛው ካስፈራሽ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አብረን እንደውላለን።

የምትፈሪው ሌላ ነገር እንደሆነም አውቃለሁ። አገር ቤት «አማኑኤል ገባች» ከተባለ በኋላ ማን ያገባታል እንደሚባለው፣ እዚህም የአባሲያው የአእምሮ ሆስፒታል «ሰራያ ሰፍራ» ነው የሚባለው፣ ቢጫው ቤተ መንግሥት። እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ በሽተኛ ሲቀበል የኖረ ቤት ሆኖ ፊልም ላይ መሳቂያ ነው። አንቺ ግን የምትሄጂው ያው ትሪፕቲዞሉን ያዘዘልሽ ሐኪም ጋ ነው፣ ቢጫ ግድግዳም የለውም። ጠበሉንም ማንም አልከለከለሽም። ብቻ ጾም ነው ብለሽ ክኒኑን አትዝለዪ፣ የታመመ ስለ መድኃኒት የንስሐ አባቱን ይጠይቃል እንጂ ለብቻው አይወስንም።

እሑድ ሐኪሙ ጋ ስትገቢ የምትዪውን በአረብኛ ጽፌልሻለሁ፣ ስልክሽ ላይ ልኬዋለሁ። ስንት ማታ እንደወሰድሽና ስንት እንደዘለልሽ። ቀዩን በቀን ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ። ከዚህ በፊት በትንሽ መጠን ያፈዘዘሽ ወይም በትልቅ መጠን ያልነካሽ መድኃኒት ካለ ስሙን። እናትሽ ለቀዶ ሕክምና ስትገባ ማስታገሻው እንዴት እንዳደረጋት ታውቂያለሽ? ከጂንሽ አንዱ ቅጂ ከእሷ ነውና ዛሬ ማታ ደውለሽ ጠይቂያት። ሌላውን ሳትነግሪያት እሱን ብቻ። ከታች የዚያን ወፍጮ ስም በላቲን ፊደል አስቀምጫለሁ፣ እሱን አሳዪው። «የት ሰማሽ?» ካለሽ «እህቴ ነገረችኝ» በይ፣ ካኮረፈ ያኩርፍ።

ማዳም እሑድ አልለቅም ካለችሽ እኔ እደውልላታለሁ፣ ጥርስ ሐኪም ነው እላታለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሜትሮው ደረጃ ሥር እጠብቅሻለሁ። ትሪፕቲዞሉን ባዶ የሆነውን ሸሪጥ ጭምር በፌስታል ያዥ፣ የቀረውን መቁጠር ይፈልጋል። የቀዩን ግን ፎቶ ብቻ አንሺና አምጪ፣ ይዘሽው ሜትሮ አትግቢ።

በይ መስታወቱን አቀብዪኝ። የግራውን ጎንጉን ትንሽ አጥብቄዋለሁ መሰለኝ፣ ያምሻል?