መጥባትን ማን አስተማረው?

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ነው። በአዲስ አበባ፣ ልደታ ማርያም ሰፈር፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮ ይቀምሳል። እኛም ስለ ልደት እንማር።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ጉንጩን ስንነካው አፉን ከፍቶ ወደ ጣታችን ይዞራል። ጡት ሲያገኝ ይጠባል። ማን አስተማረው? ማንም! ይህ ደመ ነፍስ ይባላል።

በማሕፀን ሳለ ነርቮቹ እንደ ስልክ ሽቦ አንጎሉንና አፉን ያያይዛሉ። መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን የሚያስማማው መስመር የሚደርሰው በ8ኛው ወር ገደማ ነው።

እንግዲህ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ጡት ባይዝ ቡዳ በላው አንበል፤ መስመሩ ገና ነው። ገላችን ላይ ለጥፈን እያሞቅን ቶሎ ጤና ጣቢያ እናድርሰው። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደው ግን በ1 ሰዓት ውስጥ ይጥባ። እንገሩንም አንድፋው፤ ከበሽታ ይጠብቀዋል።