ኮፈኑን ሳትከፍት ቀብድ አትስጥ

ልጄ፣ አሮጌ ሃይሉክስ ልትገዛ መነሳትህን ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። ናፍታ ፒክአፕ በአግባቡ ለያዘው ሰው ከቤተሰብ አይተናነስም። ነገር ግን አውቅሃለሁ። ቀለሙ ሲያበራ ካየህ ልብህ ቀድሞ ይገዛል፣ ዓይንህ ኋላ ይደርሳል። ስለዚህ "ሞተሩ ኦሪጅናል ነው" ሲሉህ እንዴት እንደምታጣራ ልንገርህ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ለማየት ስትሄድም ይዘኸው ሂድ።

1. ጥያቄህን አስተካክል። "ሞተሩ ጥሩ ነው?" ከማለትህ በፊት "ሞተሩ የራሱ ነው?" በል። ጥሩ መሆኑን ድምፁ፣ ጭሱና አቀበቱ ይነግሩሃል። የራሱ መሆኑን የሚነግርህ ግን ብረት ላይና ወረቀት ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። ሻጩ ውሸታም ላይሆን ይችላል፤ እሱም ሲገዛ የሰማውን ነው የሚደግምልህ። ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና ብዙ ባለቤት ያያል፣ ወሬውም ከቁልፉ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

2. መጀመሪያ የፋብሪካውን ሰሌዳ አንብብ። ታርጋውን ማለቴ አይደለም። ኮፈኑን ስትከፍት ጋቢናውን ከሞተሩ በሚለየው ግድግዳ ላይ ብዙውን ጊዜ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ታገኛለህ። ሞዴሉ፣ የሞተሩ ዓይነት፣ የሻንሲው ቁጥርና የቀለሙ መለያ ተጽፎበታል። የሞዴሉ የመጀመሪያ ፊደል የሞተሩ ዘር ነው፣ ኤን የምትለዋ ፊደል ደግሞ ሃይሉክስ መሆኑን ትናገራለች። ኤልኤን ካለ ከፋብሪካ የወጣው በኤል ናፍታ ሞተር ነው። አርኤንና ዋይኤን የቤንዚን ናቸው። ኬዩኤን ካለ በዘመን የቀረበው የኬዲ ናፍታ ነው። ሰሌዳው አርኤን እያለ ከኮፈኑ ስር የናፍታ ሞተር ካየህ፣ ወሬው እዚያው አለቀ፤ ሞተሩ እንግዳ ነው።

3. የኤልን ዘር ለይተህ እወቅ። አራቱ ወንድማማቾች ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ብዙም ሳያስቸግር ይገባል፤ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። ኤል 2188 ሲሲ፣ 2ኤል 2446፣ 3ኤል 2779፣ 5ኤል 2986 ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1983 በኋላ የመጣው ኤልኤን 65 በ2ኤል ነው የወጣው። ከ1988 በኋላ የመጣው ኤልኤን 106 በ3ኤል ነው። ከ1997 በኋላ ኤልኤን 166 በ3ኤል፣ ኤልኤን 167 በ5ኤል ወጥተዋል። እነዚህን በቃልህ ያዝ፤ ደላላው ሲቸኩል የምትቆምበት መሬት እነሱ ናቸው።

4. የተባለውን ይዘህ ዕቃ አትግዛ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አንድ ኤልኤን 106 ገዛሁ። ሰሌዳው 3ኤል ይላል፣ ሻጩም "ሁለት ነጥብ ስምንት ነው" አለኝ፣ አመንኩ። ሞተሩ ሲደክም ሱማሌ ተራ ወርጄ አራት የ3ኤል ፒስተንና የቴስታታ ጋስኬት ገዛሁ። መካኒኩ ቴስታታውን አንስቶ አንዱን ፒስተን ሲሊንደሩ አፍ ላይ አስቀመጠው። እንደ ክዳን ተቀመጠ እንጂ አልገባም። የ3ኤል ፒስተን 96 ሚሊሜትር ነው፣ ከፊታችን የነበረው ሲሊንደር ደግሞ 92 ነበር፤ 2ኤል። አራት ሚሊሜትር ነው የከሰርኩት፣ ልጄ፤ በገንዘብ ሲቆጠር ግን የአንድ ወር ገቢዬ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን ያን ቀን ገባኝ።

5. የሞተሩን ቁጥር ራስህ በዓይንህ እይ። ቁጥሩ የሚገኘው ሞኖብሎኩ ላይ፣ ጎኑ ላይ ባለ ጠፍጣፋ ቦታ ነው። ቴስታታው ላይ አትፈልገው፤ ቴስታታ ይቀየራል። በመጀመሪያ የሞተሩ ዓይነት፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ተከታታይ ቁጥር ይመጣል። ብረቱ ሲቀልጥ አብሮት ጎልቶ የወጣ ጽሑፍ ብታይ እሱ ዘሩን እንጂ ማንነቱን አይናገርም፤ አንተ የምትፈልገው ተመትቶ ወደ ውስጥ የገባውን ነው። በዘይትና በአቧራ ስለሚሸፈን ጨርቅ በናፍታ ነክረህ በቀስታ ጥረገው። በሽቦ ብሩሽ አትፈትገው፣ የብረት መሞረጃ ሞላ እንዳታስነካው። ያበላሸኸውን ቁጥር ነገ ሌላ ሰው "ማን ፋቀው?" ይልሃል።

6. ቁጥሩን ካገኘህ በኋላ አቀማመጡን መርምር። ነጭ ወረቀት አስደግፈህ በእርሳስ ጎን አሸው፤ ዓይን ያላየውን ወረቀቱ ያሳይሃል። አሃዞቹ በቁመት ከተለያዩ፣ አንዱ ጠልቆ ሌላው ከቀለለ፣ ወይም ከስራቸው የሌላ አሃዝ ጥላ ከታየ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆይ። የፋብሪካ መሬት ልሙጥ ነው፣ የመቁረጫው ጭረት በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል። በሞላ የተፋቀ ግን እንደ ሰፌድ መሐሉ ጎድጉዶ ይታያል። ቦታው ፈጽሞ ባዶ ቢሆንስ? ወዲያው ሌብነት ነው አትበል፤ መለዋወጫ ሆኖ የመጣ አዲስ ሞኖብሎክ ቁጥር ላይመታበት ይችላል። ያኔ የግዢውን ደረሰኝ ጠይቅ። ደረሰኝ ከሌለ ተሰናበት።

7. ሰሌዳው ከሞተሩ ጋር ስለተስማማ ብቻ "ኦሪጅናል ነው" ብለህ አትፍረድ። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳው የሞተሩን ዘር ይነግርሃል እንጂ ስሙን አይነግርህም። የወጣው 3ኤል ተሽጦ ሌላ 3ኤል ገብቶ ቢሆን ሰሌዳው በምን ያውቃል? ስሙ ያለው ሊብሬው ላይ ነው፣ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ተጽፈዋል። ከብረቱ ጋር አሃዝ በአሃዝ፣ ጣትህን እያስኬድክ አመሳክር። ሊብሬው ከታደሰ ደግሞ የተቀየረው ሞተር ቁጥር ተመዝግቦበት ሊሆን ስለሚችል፣ ከተገኘ መኪናው መጀመሪያ አገር ሲገባ የተሠራውን ዲክላራሲዮን እይ። ያ ወረቀትና ሞኖብሎኩ አንድ ቁጥር ከተናገሩ ሞተሩ የራሱ ነው።

8. ሻንሲውን አትርሳ። ቁጥሩ በቀኝ በኩል፣ የፊት ጎማው አካባቢ በዋናው ብረት ላይ ተመትቷል። መሪውን አዙረህ፣ ጭቃውን አራግፈህ፣ ተንበርክከህ እይ፤ ልብስ ይታጠባል። የሞተር ቁጥር ባይገጥም የሚስተካከልበት መንገድ አለ። ሻንሲው ከተነካ፣ ዙሪያው የብየዳ ጠባሳ ካለው፣ ወይም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ግን ዋጋው በግማሽ ቢወርድልህም አትግዛ። ሞተር ልብ ነው፣ ሻንሲ ግን መታወቂያ ነው።

9. የተቀየረ ሞተር ስለሆነ ብቻ አትናቀው። በዚህ ዕድሜ ያለ ፒክአፕ ሞተሩ ቢቀየር ነውር የለበትም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። በ3ኤል ቦታ የገባ ጤነኛ 5ኤል ጉልበቱ ይበልጣል። ወረቀቱ ካለ፣ ሊብሬው ላይ ከተመዘገበ፣ ሻጩም ሳትጠይቀው ከነገረህ፣ እሱን ሰው እመነው። ካልተመዘገበ ግን ስም ሳይዛወር ሙሉ ክፍያ አትስጥ። እኔ ያን መኪና ልሸጥ ስል ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አልገጥም ብሎ ዝውውሩ ቆመብኝ፤ ሌላ ሰው የደበቀውን ነገር ለማስተካከል ወራት ተመላለስኩ።

10. የኪሎሜትሩን ቆጣሪ ለሞተሩ አትቁጠርለት። ቆጣሪው የሚቆጥረው መኪናው የሄደውን ነው፤ ከሌላ ቤት የመጣ ሞተር ምን ያህል እንደሠራ አያውቅም። የኤል ዘር ሞተሮች ሁሉ የታይሚንግ ቺንጋቸው ጎማ ነው፣ በ100,000 ኪሎሜትርም መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ይወርዳል። ስለዚህ የተቀየረ ሞተር ከገዛህ የመጀመሪያው ወጪህ አዲስ ቺንጋ ይሁን፤ የቀየርክበትንም ቀንና ኪሎሜትር ጻፍ።

እንግዲህ ልጄ፣ የሚያስፈልግህ ጨርቅ፣ ትንሽ ናፍታ፣ የእጅ ባትሪ፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። ሥራው አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሻጩ ያንን አንድ ሰዓት ከከለከለህ መልሱን ሰጥቶሃል። ገዝተህም አንድ ቀን ሞተር ብትቀይር ደረሰኙን ከሊብሬው ጋር አስቀምጥ፣ አስመዝግበውም። ከአንተ በኋላ ያንን ኮፈን የሚከፍተውም የሰው ልጅ ነው፤ እውነቱን አግኝቶ ይዝጋው።