ጥፍርና ቁርጥማት ምን አገናኛቸው?

ጥፍሩን ሊያሳይ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው፥ ሐኪሙ ስለ ጣቱና ስለ ተረከዙ ሕመም ቢጠይቀው መገረሙ አይቀርም። ጥያቄው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ጥፍርንም መጋጠሚያንም የሚነካ ነውና፥ ይህን ዝምድና ለአንባብያን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሶሪያሲስ የተባለው ማሳከክን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል ከልኩ አልፎ ሲሠራ፥ በወር ገደማ ይታደስ የነበረው ቆዳ በጥቂት ቀኖች ይታደሳል፤ ስለዚህ ይወፍራል፥ ነጭ ቅርፊትም ያወጣል። በነጮች ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው፥ በእኛ ቆዳ ላይ ወደ ጥቁረት ያዘነብላል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁን እንጂ አውሮፓውያን ራሳቸው ለብዙ ዘመን ከሥጋ ደዌ ጋር ሲያደባልቁት ኖረው፥ ሁለቱን አጥርቶ የለያቸው የቪየናው ሐኪም ፈርዲናንድ ሄብራ ነው፤ ይኸውም በ1841 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነበር። በአገራችንም አለርት በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲቋቋም ዓላማው ሥጋ ደዌ ነበር፤ ዛሬ ግን ልዩ ልዩ የቆዳ በሽታዎች ይታከሙበታል። እንግዲህ ቆዳው የተላላጠ ሰው ሁሉ ሥጋ ደዌ ያዘው ማለት አይደለም።

ሶሪያሲስ ጥፍር ላይ ሲወጣ በመርፌ የተወጋ የመሰሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ጥፍሩ ከሥጋው ይለያል፥ ከሥሩ ይወፍራል፥ ወይም የዘይት ጠብታ የመሰለ ምልክት ያሳያል። የጣት ጫፍ መጋጠሚያን የሚያንቀሳቅሰው ጅማት ጭረቶቹ እስከ ጥፍር ማብቀያው ድረስ ስለሚዘልቁ፥ የአንዱ ቍጣ ለሌላው ይተርፋል። ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች ከ10 እስከ 3 ያህሉ የመጋጠሚያ ሕመም ያገኛቸዋል፤ ከእነዚህም የሚበዙት ጥፍራቸው የተነካ ነው። ስለዚህ በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የበሽታው መለያ መመዘኛ ጥፍርን ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎ ይቈጥራል።

አሁን በአዊ ዞን በጫግኒ አካባቢ በቆሎና ዳጉሳ የሚያመርት አንድ ገበሬ እናስብ። ጥፍሩ ቢበላሽ ከአፈር ነው ይላል፤ ጣቱ ጧት ጧት አልታጠፍ ቢለው ከብርድ ነው ይላል፤ ከራሱ የሚረግፈውን ቅርፊት ፎረፎር ይለዋል። ሦስቱን ለየብቻ ስለሚያያቸው ለሐኪም አንዱን ብቻ ይናገራል። ሐኪሙም ጥፍሩን በፈንገስ ሊጠረጥር፥ መድኃኒቱም ላይሠራ ይችላል። በዚህ መካከል መጋጠሚያው ከተበላ አይመለስም፤ እርፍ የሚጨብጥ እጅ ለሌለው ገበሬ ደግሞ ይህ የኑሮ ጉዳይ ነው።

እርግጥ ጥፍሩ የተበሳሳ ሁሉ መጋጠሚያው ይታመማል ማለት አይደለም፤ ፈንገስም መኖር አለመኖሩ ጥፍሩ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። በሌላ በኩል፥ ለቁርጥማት የሚደረገው የደም ምርመራ በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ ምንም ስለማያሳይ፥ «ደምህ ደኅና ነው» መባል ብቻውን አያዘናጋ። ጧት ከግማሽ ሰዓት በላይ መገተር፥ የአንድ ጣት ከሥር እስከ ጫፍ ማበጥ፥ የተረከዝ ሕመም ከጥፍር መበላሸት ጋር ከታዩ፥ ሁሉንም ለአንድ ሐኪም በአንድነት መንገር ይገባል። በጊዜ ከተደረሰበት ጉዳቱን የሚገታ መድኃኒት አለ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለጥፍርም ይሠራልና፥ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ለወላጆቻችን ይህንኑ እንንገር።