አዲስ ዴስክቶፕ ሲገዙ ስንት ጊጋ ራም ይበቃል?

ከአጅባር ወይም ከመካነ ሰላም ሆኖ ኮምፒውተር ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሰው፣ ራሙ ቢያንሰው በማግስቱ ሱቁ ድረስ ሄዶ አያስለውጥም። ልኩን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይወቁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ።

1. አንድ ላይ ተከፍተው የሚውሉትን ፕሮግራሞች ይጻፉ። ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ወርድ፣ ኤክሴል፣ ስካነር፣ ክሮምና ቴሌግራም ይሆናሉ።

2. አሁን ባለዎት ኮምፒውተር ይለኩ። ከሌለዎት ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ጎረቤት ያስፈቅዱ። ሥራ የሚበዛበትን ሰዓት ይምረጡ፤ የገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል። ፕሮግራሞቹን አይዝጉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲመጣ ፐርፎርማንስን፣ ቀጥሎም ሜሞሪን ይክፈቱ። «ኢን ዩዝ» የሚለውን ቁጥር ይጻፉ። ራሙ ከ90 በመቶ በላይ ሞልቶ ካገኙት ግን ይህን ቁጥር አይመኑት፤ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ እየገፋው ነው። ያኔ «ኮሚትድ» ከሚለው ሥር የመጀመሪያውን ቁጥር ይውሰዱ።

3. የቁጥሩን ግማሽ ይጨምሩበት። 5.2 ጊጋ ካገኙ 2.6 ሲደመር 7.8 ይሆናል፤ 8 ጊጋ ይግዙ። 4 ጊጋ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛው መጠን ነው፤ ያስነሳል እንጂ ሥራ አያሠራም፣ ይለፉት። ለጽሕፈት ቤት 8 ይበቃል። ፎቶሾፕ ካለ 16 ያድርጉት። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ከሆነ 32 ቢሆን እመርጣለሁ።

4. ለሻጩ ይደውሉ። ራሙ ዲዲአር 4 ነው ወይስ ዲዲአር 5? ስንት ስሎት አለው? ስንቱ ባዶ ነው? መልሱን ይጻፉ፤ የአንዱ ዓይነት ራም በሌላው ስሎት አይገባም፣ የላፕቶፕም ለዴስክቶፕ አይሆንም። «500 ጊጋ ነው» ካለዎት የሚናገረው ስለ ዲስኩ ነው። ራሙን ለይተው ይጠይቁ።

5. 8 ጊጋውን በአንድ ፍሬ ያስገጥሙ። ባለ 4 ሁለት ፍሬ ትንሽ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ሁለት ስሎት ብቻ ካለው ሁለቱንም ይይዛል። ባዶው ስሎት ለከርሞ ይጠቅምዎታል፦ ሌላ ባለ 8 አስልከው እዚያው ይጨምራሉ።

6. ሳይከፍሉ ኮምፒውተሩን ያስነሱት። «ዚስ ፒሲ» ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፕሮፐርቲስን ይክፈቱ። የሚገዛልዎ ሌላ ሰው ከሆነ የዚህን ገጽ ፎቶ በቴሌግራም ይላክልዎ። ከ8 ጊጋው ጥቂት ቢጎድል አይደንግጡ፤ ግራፊክሱ የሚወስደው ነው። የሚሠራው 4 ጊጋ እንኳ የማይሞላ ከሆነ ግን የተጫነው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ሊሆን ይችላል። ባለ 64 ቢቱን ያስጭኑ።

7. ገንዘብ ከተረፈ በመጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ ቀጥሎ ዩፒኤስ ይግዙ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ከራሙ ላይ ይጠፋል፤ የራም ብዛት አያድነውም። ዩፒኤሱ እስኪገዛ ድረስ በየገጹ መጨረሻ ኮንትሮልና ኤስን ይጫኑ።