የኤሌክትሪክ ሠራተኛና የተሰወረው ሥራው

ልጆች ሆይ፥ ማታ ወደ ቤት ገብታችሁ ማብሪያውን ስትጫኑ መብራቱ ወዲያው ይበራል። በዓይናችሁ የምታዩት አምፖሉንና ማብሪያውን ብቻ ነው። ኃይሉን ከቆጣሪው ተቀብሎ እስከ አምፖሉ የሚያደርሰው ሽቦ ግን በግድግዳው ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። ይህን ሽቦ የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከሥራው የሚበዛው ክፍል አይታይምና ከእጁ ጥበብ ጋራ የታመነ ልብ ያስፈልገዋል።

በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል አብዛኛውን ጊዜ ከወንዝ ውሃ ይገኛል። በዓባይ ላይ ተሠርቶ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ለዚህ ምስክር ነው። ውሃው ከከፍታ ሲወርድ ተርባይን የሚባለውን መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩም ኃይል የሚያመነጨውን መኪና ያንቀሳቅሳል። ከዚያ ኃይሉ በረጅም ሽቦ ተጉዞ ወደ ከተማ ይደርሳል፤ ወደ ቤታችንም ሲገባ ጉልበቱ 220 ቮልት ነው። ይህ ኃይል ለሚያውቀው መልካም አገልጋይ ነው፤ ሳያውቅ ለሚዳፈረው ግን ሞትን ያመጣል።

ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራውን የሚጀምረው ቤቱ ካለቀ በኋላ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። እርሱ አስቀድሞ የቤቱን ፕላን ያነባል፤ አምፖሉ፥ ማብሪያውና ሶኬቱ የሚሆኑበትንም ስፍራ ለክቶ ምልክት ያደርጋል። የሶሌታው ብረት ከታሰረ በኋላ፥ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት፥ ቱቦውን ከብረቱ ጋራ ያስራል። ግድግዳውንም በመሮና በመዶሻ እየቦረቦረ ቱቦ ይቀብርበታል። ከዚያ በኋላ ሽቦውን በቱቦው ውስጥ ይስባል። ሽቦ ከሽቦ የሚጋጠመው ግን በቱቦው ውስጥ አይደለም፤ ስካቶላ በሚባለው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ክዳን ስላለው፥ ብልሽት ቢገኝ ተከፍቶ ሊታይ ይችላል።

የሽቦው ውስጡ መዳብ ነው፤ መዳብ ኤሌክትሪክን በደኅና ያስተላልፋልና። ላዩ ፕላስቲክ ለብሷል፤ ፕላስቲክ አያስተላልፍምና። ለመብራት ብዙ ጊዜ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፥ ለሶኬት ደግሞ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ይመረጣል። ቀጭን ሽቦ ከዓቅሙ በላይ ቢሸከም ይግላል፤ ሲግል ልብሱ ይቀልጣል፤ ከዚያም እሳት ይነሣል። አረንጓዴና ቢጫ መልክ ያለው ሽቦ የመሬት ሽቦ ይባላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብረቱ በብልሽት ኃይል ቢነካው፥ ይህ ሽቦ ኃይሉን ወደ መሬት ያወርደዋል፤ ብሬከር የሚባለውም መቍረጫ ኃይሉን ያቋርጠዋል። እንጀራ የምትጋግር እናት በዚህ ትድናለች።

የሰው አካል ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ተመልከቱ። አንድ የ60 ዋት አምፖል ሲበራ ከሩብ አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ኃይል በውስጡ ያልፋል። ሰውን ከሞት ለመጠበቅ የሚተከለው መቍረጫ ግን 30 ሚሊ አምፔር ብቻ ሲሾልክ ኃይሉን እንዲያቋርጥ ሆኖ ይሠራል። ይህም አምፖሉ ከሚወስደው ከ9 እጅ አንዱ ያህል ነው። እንግዲህ አንድ አምፖል የሚያበራ ኃይል ሰውን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው።

ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ ሽቦ ከመንካቱ በፊት ኃይሉን ያቋርጣል፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳይመልሰውም መቍረጫውን ይቈልፋል። እንዲህም አድርጎ ወዲያው አይነካም፤ አስቀድሞ በመለኪያ ይፈትናል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው ለእርሱ ሥራ በእጅጉ የተገባ ነው።

አሁን ደግሞ የአንድ ለማጅን ነገር ስሙ። ይህ ለማጅ ከአንድ ሽማግሌ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋራ በአዲስ ትምህርት ቤት ሥራ ላይ ነበረ። አንድ ቀን ወደ ሠርክ ገደማ ወደ ሶኬት የሚሄደው ሽቦ አንድ ክንድ ያህል አጠረበት። ሌላ ሽቦ ለመሳብ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ልሳኞቹም በማግሥቱ ጧት ሊመጡ ነበር። ስለዚህ ቍራጭ ሽቦ ቀጠለበት፤ መጋጠሚያውንም በናስትሮ ጠቅልሎ ወደ ቱቦው ውስጥ ገፋው። በልቡም «ነገ በልስን ይሸፈናል፤ ማን ያየዋል?» አለ።

ሽማግሌው ይህን አላወቁም ነበር። ዕቃቸውን ሲሰበስቡ «ልጄ፥ በዚህ ሶኬት አጠገብ ምን ይቀመጣል?» ብለው ጠየቁት። ለማጁም «የሕፃናቱ ወንበር ነው፥ ጋሼ» ብሎ መለሰ። ይህን በተናገረ ጊዜ ግን ፊቱ ተለወጠ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፥ እኔ አጥፍቻለሁ» ብሎ ያደረገውን ሁሉ ነገራቸው።

ሽማግሌው አልተቈጡም። ሽቦውን ስበው አወጡ፤ ናስትሮውንም ፈትተው መጋጠሚያውን አሳዩት። እንዲህም አሉት፤ «ይህ ዛሬ ኃይል ያስተላልፋል፤ ብንፈትነውም መብራት ያበራል። ነገር ግን አጥብቆ አልተያዘምና ኃይሉ ሲያልፍበት ይግላል፤ ሲግልም ይብሱን ይላላል። ከአንድ ዓመት ወይም ከዐሥር ዓመት በኋላ ሊነድ ይችላል። ያን ጊዜ አንተና እኔ እዚህ የለንም፤ ሕፃናቱ ግን አሉ።»

በማግሥቱ ጧት አሮጌውን ሽቦ አውጥተው አዲሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቡ። ልሳኞቹ ሥራ ፈትተው ስለ ቈዩ አጉረመረሙ፤ አሠሪውም ስለ መዘግየቱ ተቈጣ። ሽማግሌው ግን «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ እንጂ ለማጁን አላሳጡትም። ከቀትር በኋላ ግድግዳው ተለሰነ። ከዚያ ወዲህ ያን ሽቦ ያየ ሰው የለም።

ልጆች ሆይ፥ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፥ ይህን ሙያ የሚወድ ሁሉ አስቀድሞ ስሌትንና ንባብን ይማር። ለማጁ ግን በዚያ ቀን የተማረው ሌላ ነገር ነው። ሰው የሚያየውን ሥራ ማሳመር ቀላል ነው፤ ማንም የማያየውን አጥብቆ መሥራት ግን የታመነ ሰው ምልክት ነው። በደኅና ተኝተን የምናድረው እንዲህ ያለው ሰው በግድግዳችን ውስጥ በሠራው ሥራ ነው።

ጥያቄ።
1. ሽቦ ከሽቦ የሚጋጠመው በምን ውስጥ ነው? ስለ ምን?
2. የመሬት ሽቦ ጥቅሙ ምንድር ነው?
3. ሽማግሌው በአሠሪው ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ያሉት ስለ ምን ይመስላችኋል?